ወፍጮና ወንፊት፦ የፖሊሽ ማሽን ስትገዙ እኔን የጎዳኝ እንዳይጎዳችሁ

ነጩ ስፖንጅ ሰማያዊ ሆኖ ሳየው መጀመሪያ ቆሻሻ መስሎኝ ነበር። ማሽኑን አጥፍቼ ኮፈኑን በጨርቅ ጠረግኩት። ከግራው መብራት በላይ፣ ልክ ጠርዙ ላይ፣ አውራ ጣት የምታክል ቦታ ደብዝዛለች። ዙሪያዋ እንደ መስታወት ያበራል። እሷ ግን አመድ የተነሰነሰባት ትመስላለች። ደግሜ ጠረግኩ። በውሃ አራስኩ። ውሃው ሲነካት ትጠቁርና የዳነች ትመስላለች፤ ሲደርቅ ተመልሳ አመድ ትሆናለች። ያኔ ገባኝ። ስፖንጁ ላይ ያለው ቆሻሻ ሳይሆን የአባቴ መኪና ቀለም ነው።

የእህቴ ሠርግ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ይህን የምጽፈው መኪናችሁን በገዛ ግቢያችሁ፣ በገዛ እጃችሁ ፖሊሽ ለማድረግ ለምታስቡ ነው። ሥራው ደስ ይላል። ለመልመድም ከባድ አይደለም። ማሽኑን በተሳሳተ ምክንያት ከመረጣችሁ ግን የሚበላሸው ነገር በቀላሉ አይመለስም። እኔ ትክክለኛውን ያገኘሁት በሦስተኛው ማሽን ነው።

መኪናዋ ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ ናት፤ በፈረንጆቹ የ1998 ሞዴል። አባቴ ያገለገለች ሆና ነው የገዛት፤ ግን እንደ አዲስ ነበር የሚይዛት። ሁልጊዜ ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ድረስ በደረቅ ጨርቅ ይወለውላታል። በዓል ሲደርስ ጋራዥ ወስዶ ፖሊሽ ያስደርጋታል። እሱ ካረፈ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ግቢ ውስጥ ቆመች። እህቴ "ከቤት የምወጣው በአባዬ መኪና ነው" ስትል ነው ሸራውን የገለጥነው።

ፀሐይ ላይ አወጣኋት። ቀለሙ አለ፣ ግን ፀሐይዋ ባረፈችበት ሁሉ ዙሪያውን የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ይታያል። የዚያን ጊዜ አላወቅኩም እንጂ ያ ድር የአባቴ እጅ ነው። አቧራ የተቀመጠበት ቀለም በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል አቧራው ራሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። የአዲስ አበባ አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ግማሹ የግንባታ አሸዋና ሲሚንቶ ነው። ላቫጆ ቤትም ያው ነው። አንድ ስፖንጅ ከአንዱ መኪና ጭቃ ወደ ሌላው ይዞራል። መኪናችሁ ላይ ይህን ድር ካያችሁ መጀመሪያ የሚለወጠው አጠራረጋችሁ ነው። አለበለዚያ የትኛውም ማሽን ያወጣው ጭረት በወሩ ይመለሳል።

የመጀመሪያው ማሽን የመጣው ከአሜሪካ ነው። ሜሪላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለመስከረም እንደሚመጣ ሲነግረኝ "አንድ ነገር ልለምንህ" አልኩት። ደግ ልጅ ነው፤ ጥሩ የሚባለውን መርጦ፣ ከነስፖንጁ፣ ጭረት ከሚያወጣው ቅባት ከነኮምፓውንዱ ሻንጣው ውስጥ ከቶ አመጣልኝ። ሶኬቱ የአሜሪካ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከሰፈር ሱቅ መቀየሪያ ገዛሁ። ሰካሁት። ማሽኑ ያልጠበቅኩትን ጩኸት ጮኸ። በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ በኩል ሰማያዊ ብልጭታ አየሁ፤ ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ከዚያ ጸጥ አለ። በጠቅላላው ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም።

ማሽኑ ጎን ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ "120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ" የሚል ተጽፏል። የእኛ 220 ቮልት ነው። ከሱቅ የምትገዙት መቀየሪያ የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ ነው የሚቀይረው፤ መብራቱን አይቀንስም። ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን የስልክ ቻርጀር ነው። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ሁሉም ዕቃ እንደዚያ ይመስለናል። ሞተር ያለው የእጅ መሣሪያ ግን እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ውጭ ያለ ዘመድ ሊልክላችሁ ከሆነ ከመክፈሉ በፊት የዚያችን ሰሌዳ ፎቶ ላኩልኝ በሉት። "220–240 ቮልት" የሚል ካላያችሁ ይቅርባችሁ። ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር መግዛት ይቻላል፤ ግን የማሽኑን ዋት በደንብ የሚሸከም መሆን አለበት። ያ ደግሞ ከባድ ነው፣ ውድ ነው። ለእሱ የምታወጡትን ገንዘብ ትክክለኛው ማሽን ላይ ብታውሉት ይሻላል።

ባትሪ ያለውን ለሚያስቡም አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ሲጠፋ ሥራ አለመቆሙ ትልቅ ነገር ነው። ግን ትርፍ ሊትየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ አይሄድም፤ በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው፣ ያውም እያንዳንዱ እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ። 18 ቮልት በ5 አምፒር ሰዓት ሲባዛ 90 ነው፤ እሱ ያልፋል። ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ አየር መንገዱን ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቻርጀሩም ቢሆን ቮልቴጁ ይታይ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ማሽኑ ተቃጠለ፣ ወራት አለፉ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ታኅሣሥ ላይ መርካቶ ወርጄ የእጅ መሣሪያ የሚሸጡ ሱቆችን ዞርኩ። ሻጩ አንዱን አንስቶ "ይሄ ጉልበት አለው፤ ጋራዦች ሁሉ የሚጠቀሙት እሱን ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጋራዦች የሚጠቀሙት እሱን ነው። እኔ ግን ጋራዥ አይደለሁም። ጋራዥ ያለው ሰው ያንን ማሽን ለዓመታት ይዞ ሚዛኑን በክንዱ ያውቀዋል። እኔ "ጉልበት" የሚለውን ሰምቼ ከፈልኩ። ሁለተኛው ስህተቴ ይህ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው።

ያ ማሽን ሮታሪ ይባላል። ፓዱ፣ ማለትም ማሽኑ ላይ የሚገጠመው ስፖንጅ፣ በአንድ እንብርት ዙሪያ ብቻ ነው የሚሽከረከረው፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ። ፍጥነቱ ባብዛኛው ከ600 እስከ 3000 ዙር በደቂቃ ነው። ሲጫኑት አይቆምም። አንድ ቦታ ላይ ከዘገያችሁ ሙቀቱ እዚያው ይከማቻል። በር ላይ ስጀምር ውጤቱ አስደነቀኝ፤ ድሩ በደቂቃዎች ውስጥ ጠፋ። ልቤ ሞላ። ኮፈኑ ላይ ስደርስ ጠርዙ አጠገብ አንዲት ጭረት አልወጣም አለችኝ። ጫን አልኩ። ቆየሁባት። ጠርዝ ላይ ፓዱ በሙሉ ፊቱ አያርፍም፤ ክብደቱ ሁሉ በቀጭኑ መስመር ላይ ይወድቃል። ቀለሙም ጠርዝ ላይ የሳሳ ነው። የቀረውን መጀመሪያ ላይ ነግሬያችኋለሁ።

ሌላም ነገር አመጣ። ማታ የመንገድ መብራት ሲያርፍባት፣ ባማረው በር ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚንቀሳቀስ ጥላ አየሁ። ፓዱ የሄደበት መንገድ በሙሉ ተጽፎበታል። ሆሎግራም ይሉታል። ሮታሪ በጀማሪ እጅ የሚተወው ፊርማ ነው። ጥላ ውስጥ አይታይም፤ ፀሐይ ወይም መብራት ሲያገኝ ይወጣል።

የሠርጉ ዕለት መኪናዋን ያስጌጠችው ልጅ ነጭ አበባ በዚያች ቦታ ላይ አሰረችልኝ። እህቴ አውቃ ነበር። "ተወው ወንድሜ፤ መምጣቷ ነው ዋናው" አለችኝ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ከዚያ አበባ አልተነሳም።

ነገሩ የተለወጠው ከሠርጉ በኋላ ነው። ሰፈራችን ካለ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀለም ሲቀቡ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ኮፈኑን ላሳያቸው ወሰድኩት። ጎንበስ ብለው የስልካቸውን መብራት አበሩና በጎን በኩል አዩት።

"ልጄ፣ ይቺን ማን ነው የነካት?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ከመጀመርህ በፊት ምን ያህል ቀለም እንደቀረላት አይተህ ነበር?"

አላየሁም። እንዴት እንደሚታይም አላውቅም ነበር። መሳቢያቸውን ከፍተው የሞባይል ስልክ የምታክል መሣሪያ አወጡ። ቆርቆሮው ላይ ስትቀመጥ ትጮህና ቁጥር ታሳያለች። የቀለም ውፍረት መለኪያ ናት። ጣሪያውን ለኩት፤ 110 ማይክሮን። የቀኙን የኋላ በር ለኩት፤ ከ400 በላይ። "ይሄ ተመትቶ ነበር። ከሥሩ ስቱኮ አለ" አሉኝ። ኮፈኑን ለኩት፤ መሐሉ ላይ 80 ብቻ። ለየበዓሉ የተደረገላት ፖሊሽ እዚያ ላይ በልቷል።

ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ከነሥሩ ተደምሮ ባብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ከዚያ ውስጥ እናንተ ፖሊሽ የምታደርጉት የላዩን፣ ክሊር የሚባለውን ቀለም የሌለው ሽፋን ብቻ ነው። እሱም ወደ 40 ወይም 50 ማይክሮን ነው። የሰው ፀጉር ወደ 70 ነው። ማለትም የምትሠሩት ከአንዲት ፀጉር በሚያንስ ነገር ላይ ነው። ፀሐይን የሚከላከለውም እሱ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ትበረታለች። ጣሪያና ኮፈን ቀድመው የሚላጡት ለዚህ ነው።

ሽማግሌው የነገሩኝ ነገር እስካሁን ውስጤ አለ። "ማሽኑን ከመምረጥህ በፊት ቀለሙን እወቀው። ማሽኑ የሚመረጠው ለቀለሙ ነው።" እኔ ተገላቢጦሹን ነበር የሄድኩት።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መኪናችሁን እዩ። መለኪያ ያለው ቀለም ቀቢ ፈልጉና ዙሪያዋን አስለኩ። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ በጣም ከተለያየ እንደገና የተቀባ ነው፤ በጣም ካነሰ ደግሞ በጠንካራ ኮምፓውንድ አትንኩት። መለኪያው ጠቅላላውን እንጂ ክሊሩን ለብቻ አይነግራችሁም፤ ለዚህ ነው ሁልጊዜ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። ክሊሩ መላጥ ጀምሮ ከሆነ፣ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ጠርዝ ጠርዙ ከተነሳ፣ ማሽን አትግዙ። እሱ የሚድነው በመቀባት ብቻ ነው።

ክሊር የሌለው ቀለምም አለ። ጎረቤቴ ነጭ የድሮ ቶዮታ አለው። ጨርቁ ነጭ ሲሆን እንደኔ ያቃጠለ መስሎት ደነገጠ። አላቃጠለም። የእሱ ቀለም ከላይ ሽፋን የሌለው ነው፤ ሲወለወል ትንሽ ቀለም መልቀቁ ያለ ነው። የማይታይ ቦታ ላይ በነጭ ጨርቅ (መኪናው ነጭ ከሆነ በጠቆረ ጨርቅ) እና በትንሽ ፖሊሽ በእጃችሁ እሹ። ጨርቁ ቀለም ካወጣ ክሊር የለውም። ሜታሊክ፣ ማለትም ውስጡ ብልጭልጭ ያለበት ቀለም ከሆነ ግን ባብዛኛው ክሊር አለው፤ እዚያ ላይ ቀለም ካያችሁ ወዲያው አቁሙ።

ሽማግሌው ያሳዩኝ ሌላ ነገር የጥፍር ሙከራ ነው። ጭረቱ ላይ ጥፍራችሁን በቀስታ አሳልፉ። ጥፍር ከያዘ ጥልቅ ነው። ማሽን አያወጣውም፤ ለማውጣት ከታገላችሁ ክሊሩን ነው የምትጨርሱት። ኮፈኔ ላይ የታገልኳት ያቺ ጭረት ጥፍር የምትይዝ ነበረች።

ኮፈኑን እሳቸው ቀቡልኝ። ከዚያ ሦስተኛውን ማሽን ፍለጋ ጀመርኩ፤ አሁን ግን ምን እንደምፈልግ እያወቅኩ።

የፈለግኩት ዱዋል አክሽን የሚባለውን ነው፤ ባጭሩ ዲኤ ይሉታል። እናቴ ዱቄት ስትነፋ እጇን አይታችሁ ብትሆኑ ይገባችኋል። ወንፊቱ በአንድ ቦታ አይዞርም፤ እየዞረ ክብ ይሠራል፣ ወዲያና ወዲህ ይላል። የዲኤ ፓድ እንደዚያ ነው። ሙቀቱ ይበተናል፣ የሄደበት መንገድ አይጻፍም። ከሁሉም በላይ ነፃ ሽክርክር ያለው ዓይነት ስትጫኑት ወይም ስታጋድሉት መዞሩን ያቆማል፤ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይፈጭም። ለጀማሪ ይህ እንደ ፊውዝ ነው። እጃችሁ ሲሳሳት ማሽኑ ራሱ ይቆምላችኋል። ቀለም ፈጽሞ አያቃጥልም ማለቴ አይደለም፤ በጠርዝ ላይ በጠንካራ ፓድ ችክ ካላችሁ ያቃጥላል። ግን ጊዜ ይሰጣችኋል።

ዲኤ ሆኖ በማርሽ በግድ የሚሽከረከርም አለ። እሱ ሲጫኑት አይቆምም። ሥራው ፈጣን ነው፤ ግን ያንን ፊውዝ ታጣላችሁ። ለመጀመሪያ ማሽን አልመክረውም።

ዲኤ ስትገዙ የምታዩት ቁጥር ፓዱ ወዲያና ወዲህ ሲል የሚሠራው ክብ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የሚናገረው ነው። 8፣ 15፣ 21 ሚሊሜትር የተለመዱት ናቸው። ትልቁ ሰፊ ቦታ ላይ ቶሎ ይጨርሳል። የጣሊያኑ ሩፔስ እነዚህን ትልልቅ ክቦች ታዋቂ ካደረጉት አንዱ ነው። እኔም መጀመሪያ 21 ካልሆነ ብዬ ነበር። ደግነቱ አንድ ጓደኛዬ የራሱን አዋሰኝ። ጣሪያው ላይ ግሩም ነው። ፓራፋንጎው ላይና የበሩ እጥፋት ላይ ስደርስ ግን ፓዱ እየቆመ አስቸገረኝ። ኮሮላ ትንሽ መኪና ናት፤ ጠመዝማዛዋ ብዙ ነው። ላንድክሩዘር ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር። ስለዚህ ክቡ 15 ሚሊሜትር፣ ፓዱ የሚለጠፍበት መያዣ ደግሞ 125 ሚሊሜትር የሆነውን ወሰድኩ። ከቻላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ተዋሱ። አንድ ከሰዓት በኋላ በእጅ መያዝ ብዙ ከማንበብ ይበልጣል።

ፓዱ መዞሩን እንዴት እንደምታውቁ ልንገራችሁ። የፓዱ መያዣ ጎን ላይ በማርከር አንድ ጥቁር መስመር አስምሩ። ስትሠሩ መስመሩ ሲሄድ ይታያችኋል። ከቆመ ወይ በዝቶ ተጭናችኋል ወይ አጋድላችኋል። ከማሽኑ ጋር የምትነጋገሩት በዚያች መስመር ነው።

ሱቅ ውስጥ ምን ጠየቅኩ? መጀመሪያ "ሰክተህ አሳየኝ" አልኩ። በዝቅተኛው ፍጥነት ላይ በቀስታ መነሳት አለበት፤ አንዳንዱ ገና በቁጥር አንድ ላይ በኃይል ይነሳል፣ ኮምፓውንዱን ግድግዳ ላይ ይረጫል። ከዚያ በሁለት እጄ ይዤ ለጥቂት ደቂቃ አቆየሁት። ሁለት ኪሎ ተኩል መጀመሪያ ምንም አይመስልም፤ በአምስተኛው ሰዓት ግን ጣታችሁ ይደነዝዛል። "ካርቦኑ ይገኛል?" ብዬ ጠየቅኩ። ካርቦን የሞተሩ አላቂ ዕቃ ነው፤ ትርፍ ከሌለው ማሽኑ አንድ ቀን ቆሞ ይቀራል። ሻጩ ትርፍ ሁለት ጥንድ ከሰጣችሁ ጥሩ ሱቅ አግኝታችኋል። ዋቱን ብዙ አትዩት። ሰሌዳው ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ቀላል ዕቃ በጣም አለ።

ዋጋ አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ከወር ወር ይለያያል፤ የእኔ ቁጥር ያሳስታችኋል። አንድ ነገር ግን ሳይሰለቸኝ እላለሁ፤ ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ማሽኑ ላይ አታውሉት። ሲሶውን ለፓድና ለማይክሮፋይበር ጨርቅ አስቀሩ። እኔ መጀመሪያ ሁለት ፓድ ይዤ ነበር የጀመርኩት። በሁለተኛው በር ላይ ፓዱ በኮምፓውንድና በአሮጌ ቀለም ረክቶ መቁረጥ አቆመ፤ ሞቀ፣ ዳር ዳሩ ተቀደደ። ለአንድ መኪና ቢያንስ ስድስት ያስፈልጋል። የፓዱ ቀለም አያታልላችሁ፤ የአንዱ አምራች ቢጫ የሌላው ጥቁር ሊሆን ይችላል። ለስላሳና ጠንካራነቱን በጣታችሁ ጨምቁና እወቁ። መጠኑም ከመያዣው ትንሽ መብለጥ አለበት፤ አለበለዚያ የመያዣው ጠርዝ ቀለሙን ይነካል። ትንሽ፣ 75 ሚሊሜትር የሆነ መያዣ ካገኛችሁ ለፓራውልትና ለስፖኪዮ ዙሪያ ይጠቅማል።

ግራይንደር ወይም መሰርሰሪያ ላይ ስፖንጅ ገጥሞ መሥራት የሚያስቡም አሉ። እባካችሁ ተዉት። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11 ሺህ ዙር ይሄዳል። ስፖንጁ ለዚያ አልተሠራም፤ ቀለሙም፣ ፊታችሁም።

በሁለተኛው ዙር ሥራውን በሁለት ቅዳሜና እሑድ ጨረስኩት። መቸኮሌን ነው ከሁሉ ያስተካከልኩት። መጀመሪያ በደንብ ታጠበች፤ አንዱ ባልዲ ለሳሙና፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ። ከዚያ እጄን ስስ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ቀለሙን ዳሰስኩ። ለዓይን የማይታይ ሸካራ ነገር ሁሉ በፌስታሉ በኩል ይሰማል፤ እንደ ጨው። እሱን ክሌይ በሚባለው ጭቃ መሰል ነገር በሳሙና ውሃ እያንሸራተትኩ አወጣሁ። ይህን ሳያወጡ ማሽን ማስነሳት ያንን ጨው ቀለሙ ላይ ማዞር ነው። ጠርዞቹን፣ የጎማ ክፈፎቹንና እጥፋቶቹን ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ። ለእኔ ይህ አሁን እንደ ጸሎት ነው፤ ሳልሸፍን አልጀምርም።

የሙከራ ቦታ መረጥኩ፤ የኋላው ክዳን ላይ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር። ከለስላሳው ፓድና ከቀላሉ ፖሊሽ ጀመርኩ። በቂ ከሆነ ማቆም ነው። አልበቃም፤ አንድ ደረጃ ከፍ አልኩ። በቃኝ። ጭረቱ በሙሉ እንዲጠፋ አልጠበቅኩም፤ ሰማንያው በመቶ ከወጣ የቀረው ክሊር ለወደፊቱ ይቀመጥልኝ። ፓዱ ላይ አራት የአተር ፍሬ የሚያህል ጠብታ፣ ማሽኑን ቀለሙ ላይ አሳርፎ ማስነሳት፣ ቀለሙ ላይ እንዳለ ማጥፋት። አየር ላይ አታስነሱት። እጃችሁ በሰከንድ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ትሂድ፤ መጀመሪያ ስትሞክሩት መዘግየቱ ያስጨንቃል። በቁመት ከሄዳችሁ በኋላ በአግድም ሂዱ። በመሐል መዳፋችሁን ቀለሙ ላይ አሳርፉ። ለብ ካለ ደህና ነው። መዳፍ የማይቆይበት ከሆነ አቁሙና ወደ ሌላ ቦታ ሂዱ። ፀሐይ ላይ ፈጽሞ አትሥሩ። ገመዱን በትከሻችሁ ወደ ኋላ አሳልፉት፤ ቀለሙ ላይ እየተጎተተ አዲስ ጭረት እንዳይሠራ።

ስትጨርሱ ከፋርማሲ የሚገዛውን አልኮል በውሃ አቅጥናችሁ ቦታውን ጥረጉ። የኮምፓውንዱ ቅባት ጭረቱን ሞልቶ የዳነ ያስመስላል፤ አልኮሉ እውነቱን ያሳያል። በቅርብ የተቀባ ቀለም ላይ ግን አትሞክሩት። ኮፈኔን ለዚህ ነው ለወራት ያልነካሁት፤ ሽማግሌው "በደንብ ይድረቅ፣ ሰምም አታልብሰው" ብለውኝ ነበር።

በመጨረሻው እሑድ የሾፌሩ በር ላይ ደረስኩ። ከእጀታው ሥር፣ ቁልፉ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ ብዙ አጫጭር ጭረቶች አሉ። አባቴ ቁልፎቹን ሁሉ በአንድ ቀለበት ነበር የሚይዘው፤ በሩን በከፈተ ቁጥር ሌሎቹ ቁልፎች ቀለሙን ይመቱታል። ጥፍሬን አሳለፍኩ። ያዘ። በወረቀት ፕላስተር በክብ ሸፈንኩትና ዙሪያውን ሠራሁ።

እናቴ ቡና አፍልታ ስትጠራኝ ፕላስተሩን እየላጥኩ ነበር። መጣችና በሩን አየችው። ፊቷ ቀለሙ ውስጥ ይታያል። ምንም አላለችም፤ ጣቷን ቁልፉ ጋ ባሉት ጭረቶች ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች።